ሁምቦ፦ ተራራውን ዳግም በደን ያለበሰ የወላይታ ገጠር

ከወላይታ ሶዶ ከተማ ተነስቶ ወደ አርባ ምንጭ የሚወስደውን ዋና መንገድ የያዘ ተጓዥ ብዙም ሳይርቅ ጠበላ ከተማን ያገኛል። ጠበላ የሁምቦ ወረዳ መቀመጫ የሆነች አነስተኛ የገበያ ከተማ ስትሆን፣ በአቅራቢያዋ የሁምቦ ተራራ ይገኛል። ከተራራው ግርጌ አንስቶ ወደ አባያ ሐይቅ የሚያዘቀዝቀው ቆላማ ሜዳ በበኩሉ በአካባቢው ነዋሪዎች ዘንድ አባላ በሚል ስም ይታወቃል።

በሀገሪቱ ታሪክ ውስጥ ስማቸው ጎልቶ ከሚነሳ ቦታዎች ተርታ ሁምቦ አይሰለፍም። ይሁንና የገጠር መሬት አያያዝ፣ የሰፈራ መርሐ ግብርና የደን ልማት በኢትዮጵያ ያለፉባቸውን ምዕራፎች በአንድ አነስተኛ አካባቢ ለመመልከት ለሚሻ ሰው ከሁምቦ የተሻለ ቦታ በቀላሉ አይገኝም። ባለፉት መቶ ሠላሳ ዓመታት ገደማ መንግሥታት በተፈራረቁ ቁጥር የመሬት ጥያቄ በዚህ ተራራና በዚህ ሜዳ ላይ መልኩን ቀይሯል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማም የሁምቦን ታሪክና የነዋሪውን አኗኗር በአጭሩ ማስተዋወቅና የተራራው ደን እንዴት እንደተመለሰ፣ ጸንቶ ሊቆይ የሚችለውስ በምን እንደሆነ ማብራራት ነው።

ከካዎዎቹ ዘመን እስከ ዞኑ መመሥረት

የወላይታ ሕዝብ ለረጅም ዘመን "ካዎ" በሚል መጠሪያ በሚታወቁ ነገሥታት ሥር ራሱን ሲያስተዳድር ኖሯል። አፈ ታሪክ የነገሥታቱን የዘር ሐረግ አሩጂያ፣ ወላይታ ማላ እና ትግሬ በሚሉ ሥርወ መንግሥታት ይከፍላል። ኅብረተሰቡ ማላ እና ዶጋላ በተባሉ ሁለት ዐበይት ወገኖች የሚደለደሉ በርካታ ጎሳዎችን አቅፏል።

የመጨረሻው ንጉሥ ካዎ ጦና ጋጋ በ1887 ዓ.ም. ከዳግማዊ አጼ ምኒልክ ሠራዊት ጋር ባደረጉት ብርቱ ጦርነት ተሸንፈው ከተማረኩ በኋላ ወላይታ በማዕከላዊው መንግሥት አስተዳደር ሥር ዋለች። በጦርነቱ የጠፋው የሰው ሕይወትና የተነዳው የቀንድ ከብት እጅግ ብዙ እንደነበር በወቅቱ ዘመቻውን በዓይኑ የተመለከተው ፈረንሳዊው ነጋዴ ቫንደርሄም ጽፏል። ከዚያ በኋላ የተዘረጋው የነፍጠኛና የገባር ሥርዓት የአካባቢውን የመሬት ይዞታ ከሥር መሠረቱ ለወጠው። በራሱ ማሳ ላይ ያርስ የነበረው አባወራ ግብርና የጉልበት አገልግሎት የሚጠየቅ ገባር፣ ኋላም ጭሰኛ ሆነ።

ወላይታ በአስተዳደር አከላለል በኩልም ልዩ ልዩ ለውጦችን አስተናግዳለች። በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን በሲዳሞ ጠቅላይ ግዛት ሥር አንድ አውራጃ የነበረች ሲሆን፣ በኋላ በሰሜን ኦሞ ዞን ውስጥ ተካታ ቆይታ በ1993 ዓ.ም. ራሷን የቻለች ዞን ሆናለች። በ2015 ዓ.ም. በተካሄደው ሕዝበ ውሳኔ መሠረት የደቡብ ኢትዮጵያ ክልል በዚያው ዓመት ነሐሴ ወር ሲመሠረት ደግሞ ወላይታ ሶዶ ከክልሉ ማዕከላት አንዷ ለመሆን በቅታለች። የሁምቦ ወረዳም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ተከፍሎ ሆቢቻ እና አባላ አባያ የተባሉ ወረዳዎች ተመሥርተዋል። በዚህ ጽሑፍ ሁምቦ ሲባል ከመከፈሉ በፊት የነበረውን ሰፊውን ወረዳ የሚያመለክት ነው።

ቆላውን የማቅናት ጥረት

የወላይታ ደጋና ወይናደጋ በሕዝብ ጥግግት በሀገሪቱ በግንባር ቀደምነት ከሚጠቀሱ የገጠር አካባቢዎች አንዱ ነው። በ1999 ዓ.ም. የተካሄደው የሕዝብና ቤት ቆጠራ የዞኑን ነዋሪ ከ1 ነጥብ 5 ሚሊዮን በላይ፣ የሁምቦን ወረዳ ነዋሪ ደግሞ ከ125 ሺህ በላይ አድርሶታል። ከዚህ ቁጥር በስተጀርባ ያለው እውነታ አንድ አባት ለልጆቹ የሚያካፍለው ማሳ ከትውልድ ወደ ትውልድ እየጠበበ መምጣቱ ነው።

በአንጻሩ የአባላ ሜዳ ለረጅም ጊዜ ሰው ሳይበዛበት ቆይቷል። ለዚህም ምክንያቱ የመሬቱ ልምላሜ ማነስ ሳይሆን የወባ በሽታና ከብት የሚፈጀው የቆላ ዝንብ ነበር። የደጋው ነዋሪ ወደ ሜዳው ለግጦሽ፣ ለአደንና ለማገዶ ቢወርድም ጎጆ ቀልሶ ለመኖር አይደፍርም ነበር።

ይህን ሁኔታ ለመለወጥ ቀደም ብለው ከተነሱት ሹማምንት መካከል አቶ ግርማሜ ንዋይ ይጠቀሳሉ። በ1950 ዓ.ም. አካባቢ የወላይታ አውራጃ ገዥ በነበሩበት ወቅት ሥራ ፈት የመንግሥት መሬትን መሬት ለሌላቸው ገበሬዎች ማከፋፈል ጀመሩ። እርምጃው የባለርስቶችን ቅሬታ በመቀስቀሱ ገዥው ወደ ጅጅጋ እንዲዛወሩ ተደረገ። አቶ ግርማሜ ከወንድማቸው ከብርጋዴር ጄኔራል መንግሥቱ ንዋይ ጋር የታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራ መሪ የነበሩ መሆናቸው ይታወቃል። በወላይታና በጅጅጋ ገዥነታቸው ያጋጠማቸው ተቃውሞ ለዚያ ውሳኔ ካደረሷቸው ምክንያቶች አንዱ እንደነበር የታሪክ ጸሐፊዎች ያስረዳሉ።

ቀጣዩ ሙከራ ሰፋ ባለ ዝግጅት የተካሄደ ነበር። በ1962 ዓ.ም. በዓለም ባንክ ድጋፍ የተቋቋመው የወላይታ እርሻ ልማት ድርጅት፣ በነዋሪው አጠራር "ዋዱ"፣ ምርጥ ዘር፣ ማዳበሪያና ብድር ለገበሬው ማቅረብ፣ የገጠር መንገድ መሥራትና በጎርፍ የሚሸረሸረውን ተዳፋት በእርከን ማጠር ከተግባሮቹ ዋና ዋናዎቹ ነበሩ። ከዚህ ጋር ከተጨናነቀው ደጋ የተነሱ ቤተሰቦች በአባላና በበሌ ቆላማ ሥፍራዎች እንዲሰፍሩ አድርጓል። ሠፋሪዎቹ ጫካውን መንጥረው በቆሎና ጥጥ አበቀሉ፤ ዛሬ በአባላ የሚገኙ በርካታ ቀበሌዎችም አነሳሳቸው ከዚያ ሰፈራ ጋር የተያያዘ ነው።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ የጭሰኝነትን ሥርዓት ሲያስወግድ ገባሩ የሚያርሰውን ማሳ የመጠቀም መብት አገኘ። ይሁን እንጂ የማንም ማሳ ያልነበረው የጋራ መሬት፣ በተለይም ተራራው፣ ኃላፊ የሌለው ሀብት ሆነ። ሁሉም ሊጠቀምበት የሚችለውን፣ ግን ማንም ሊጠብቀው የማይገደደውን መሬት የሚያገኘው ዕጣ የሁምቦንም ተራራ አገኘው።

የጓሮው ሥርዓትና የነዋሪው ኑሮ

የተራራው ጉዳይ ለነዋሪው ምን ያህል ክብደት እንዳለው ለመረዳት የወላይታን ቤተሰብ የኑሮ ሥርዓት ማወቅ ይጠቅማል። የወላይታ ገበሬ ማሳውን በሁለት ከፍሎ ያያል። የመጀመሪያው ለቤቱ ቅርብ የሆነውና በከብት ፍግና በቤት ጥራጊ ዘወትር የሚለማው "ዳርኳ" ነው። በዚህ ለም መሬት ላይ እንሰት፣ ቡና፣ ቦይና እና አትክልት ይተከላሉ። ሁለተኛው ከቤት ራቅ ያለው "ሾቃ" ሲሆን በቆሎ፣ ጤፍ፣ ቦሎቄና ስኳር ድንች ይዘራበታል። ፍግ እምብዛም ስለማይደርሰው የሾቃ ምርት ከዝናቡና ከማዳበሪያው ጋር ከፍ ዝቅ ይላል።

የሥርዓቱ ምሰሶ ከብት ነው። ከብት ከሌለ ፍግ የለም፤ ፍግ ከሌለ እንሰቱ አይጠነክርም፤ እንሰቱ ከደከመ ደግሞ ቤተሰቡ በክፉ ቀን የሚደገፍበት የለውም። በዚህም ምክንያት ከብት የሌለው ሰው ካለው ሰው ጋር የሚተሳሰርባቸው ነባር ውሎች ዳብረዋል። "ሃራ" በሚባለው ውል አንድ ሰው የሌላውን ከብት ተቀብሎ እየቀለበ ከወተቱና ከፍጉ ይጠቀማል። "ኮታ" በሚባለው ደግሞ ሁለትና ከዚያ በላይ የሆኑ ሰዎች አንድን ከብት በጋራ ይይዛሉ። በእርሻና በቤት ሥራ ወቅትም ጎረቤታሞች በየተራ ጉልበት የሚለዋወጡባቸው "ዳጉዋ" እና "ዛይያ" የተባሉ የሥራ ማኅበራት አሉ።

የዓመቱ ትልቅ በዓል ግፋታ ነው። የወላይታ ሕዝብ አሮጌውን ዓመት ሸኝቶ አዲሱን የሚቀበልበት ይህ በዓል ከመስከረም 14 እስከ 20 ባሉት ቀናት መካከል በሚውለው እሑድ ይከበራል። ለግፋታ የሚደረገው ዝግጅት ወራት የሚፈጅ ሲሆን፣ ወንዶች በጋራ ለሚታረደው በሬ ገንዘብ ያጠራቅማሉ፤ እናቶችም በማኅበር ተደራጅተው ቅቤ ያከማቻሉ። የተጣሉ ሰዎች ዕርቅ ሳያወርዱ ወደ አዲሱ ዓመት እንዳይሻገሩ ማስታረቅ የሽማግሌዎች ኃላፊነት ነው። ማኅበረሰቡ በጋራ የመቆጠብና የጋራ ደንብን የማክበር ልምዱ ነባር መሆኑን ከዚህ መገንዘብ ይቻላል። በኋላ ለደኑ የተቋቋሙት ማኅበራትም የበቀሉት በዚህ ልምድ ላይ ነው።

የተራቆተው ተራራ

ማገዶ፣ ከሰል፣ የቤት መሥሪያ እንጨትና ግጦሽ ፍለጋ ወደ ተራራው የሚወጣው ሰው ከዓመት ዓመት እየበዛ በመሄዱ የሁምቦ ተራራ ደን ተጨፍጭፎ ቁጥቋጦ ብቻ ቀረ። ዛፉ ሲያልቅ አፈሩ ተከተለ። ክረምት በገባ ቁጥር ከተዳፋቱ የሚወርደው ጎርፍ ድንጋይና ደለል እያንከባለለ በግርጌ ያሉ ማሳዎችን ይሸፍን፣ ቦረቦር ይቆፍር ጀመር። ውኃው ወደ መሬት ሳይሰርግ ስለሚያልፍ የምንጮች አቅም በበጋ ይዳከም ነበር።

በ1977 ዓ.ም. ድርቅና ከዚያም በኋላ ዝናብ በተዛባባቸው ዓመታት ወላይታ በተደጋጋሚ ለምግብ እጥረት ተጋልጣለች። በተለይ ማሳው ለዓይን አረንጓዴ መስሎ እየታየ ገበሬው ግን የሚበላው የሚያጣበት ሁኔታ በእርዳታ ሠራተኞች ዘንድ "አረንጓዴው ረሃብ" የሚል ስያሜ አሰጥቶታል። ስኳር ድንች ዝናብ አጥቶ ሲከሽፍና የበቆሎው ምርት ገና ሳይደርስ የሚፈጠረውን ክፍተት ለመሙላት ብዙዎች እንጨትና ከሰል መሸጥን ተያያዙት። ድህነቱ ደኑን አጠፋ፤ የደኑ መጥፋትም ድህነቱን አባባሰ።

ከምድር በታች ያለው ደን

መፍትሔው የተገኘው ችግኝ በብዛት ከመትከል ብቻ አልነበረም። አውስትራሊያዊው የግብርና ባለሙያ ቶኒ ሪናውዶ እ.ኤ.አ በ1983 በኒጀር በሥራ ላይ ሳሉ ቁጥቋጦ ይመስሉ የነበሩት ተክሎች በእርግጥ ከተቆረጡ ዛፎች ጉቶ የሚያቆጠቁጡ ቀንበጦች መሆናቸውን አስተዋሉ። ዛፉ ከላይ ቢቆረጥም ሥሩ በሕይወት አለ፤ በየዓመቱም ያቆጠቁጣል፤ ነገር ግን ከብት ስለሚበላውና ሰው ስለሚቆርጠው ከፍ ሊል አይችልም። ከዚህ ግንዛቤ የተነሳው ዘዴ በአርሶ አደሩ የሚመራ የተፈጥሮ ተሃድሶ ይባላል።

አሠራሩ ቀላልና ወጪው አነስተኛ ነው። በመጀመሪያ መሬቱ ከከብት ንክኪ ይከለላል። ቀጥሎ ከአንድ ጉቶ ከሚወጡት በርካታ ቀንበጦች ጠንካራና ቀጥ ያሉት ጥቂቶቹ ተመርጠው የቀሩት ይቆረጣሉ። የተመረጡት ቀንበጦች የጎን ቅርንጫፎቻቸው እየተገረዙ ወደ ላይ እንዲያድጉ ይደረጋል። የዛፉ ሥር አስቀድሞ በጥልቀት የተዘረጋ በመሆኑ ዕድገቱ ከአዲስ ችግኝ እጅግ ይፈጥናል፤ ድርቅንም ይቋቋማል። ከግርዛቱ የሚገኘው ጭራሮ ለማገዶ፣ ከተከለለው ሥፍራ የሚታጨደው ሣርም ለከብት መኖ ይውላል።

ይህ ዘዴ በሁምቦ ሥራ ላይ መዋል የጀመረው በ1998 ዓ.ም. ገደማ ሲሆን፣ ወርልድ ቪዥን ከመንግሥት አካላትና ከዓለም ባንክ ጋር በመተባበር የሁምቦ የተፈጥሮ ደን ተሃድሶ ፕሮጀክትን አስጀምሯል። ፕሮጀክቱ 2 ሺህ 728 ሄክታር መሬት የሚሸፍን ሲሆን፣ አብዛኛው ክፍል የለማው ከነባር ጉቶዎች ነው። ጉቶ በሌለበት ሥፍራ ብቻ የሀገር በቀል ዛፎች ችግኝ ተተክሏል። ግራር፣ ወይራ፣ ዋንዛ፣ ብሳናና ዝግባ ከሚለሙት ዝርያዎች መካከል ይገኛሉ።

መተማመን ከችግኝ በፊት

የሥራው ከባድ ክፍል ግን ግርዛቱ አልነበረም። ፕሮጀክቱ ለውይይት በቀረበበት ወቅት ብዙ ነዋሪዎች ተራራው ከተከለለ በኋላ በመንግሥት ወይም በሌላ ወገን ሊወሰድብን ይችላል የሚል ሥጋት ነበራቸው። ከካዎ ጦና ውድቀት በኋላ የመጣውን የመሬት ነጠቃ፣ ከዚያም የተፈራረቁትን አዋጆች ለሚያስታውስ ማኅበረሰብ ይህ ሥጋት መሠረት የለሽ አልነበረም።

መልሱ ሕጋዊ ዋስትና ነበር። በአካባቢው የሚኖረው ሕዝብ በሰባት የደን ልማትና ጥበቃ የኅብረት ሥራ ማኅበራት ተደራጅቶ ለየማኅበሩ በተከለለው ሥፍራ የመጠቀም መብቱን የሚያረጋግጥ የምስክር ወረቀት ተሰጠው። ማኅበራቱ መተዳደሪያ ደንብ አጽድቀው፣ ጥበቃ መድበው፣ ሣር የሚታጨድበትንና ጭራሮ የሚሰበሰብበትን ጊዜ ወሰኑ። ደንቡን የሚጥስ ሰው በጎረቤቶቹ ፊት ይጠየቃል። ለኃላፊ አልባነት ተዳርጎ የቆየው ተራራ በዚህ አኳኋን ባለቤት አገኘ።

በዚህ ሂደት የተጎዳ ወገን አልነበረም ማለት አይቻልም። ኑሯቸውን በማገዶና በከሰል ሽያጭ ይመሩ የነበሩ ሴቶችና መሬት አልባ ወጣቶች መከለሉ የዕለት ገቢያቸውን ቀንሶባቸዋል። ለእነዚህ ወገኖች አማራጭ የገቢ ምንጭ ማመቻቸት ለተከለለ መሬት ሁሉ ዘላቂነት ወሳኝ ጥያቄ ሆኖ የሚነሳውም በዚህ ምክንያት ነው።

የካርቦን ሽያጩ ምንነትና ልክ

ሁምቦ በዓለም አቀፍ መድረክ የታወቀው በካርቦን ሽያጭ ነው። ዛፍ በሚያድግበት ጊዜ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከአየር ስቦ በግንዱ፣ በቅርንጫፉና በሥሩ ያከማቻል። በኪዮቶ ስምምነት ሥር የተዘረጋው የንጹሕ ልማት ሥልት የበለጸጉ ሀገራት በታዳጊ ሀገራት የተከማቸን ወይም የተቀነሰን ልቀት ገዝተው ከግዴታቸው እንዲያካክሱ ይፈቅድ ነበር። የሁምቦ ፕሮጀክት በ2002 ዓ.ም. በዚህ ሥልት የተመዘገበ ሲሆን፣ በአፍሪካ በዘርፉ ከተመዘገቡት መጠነ ሰፊ የደን ፕሮጀክቶች የመጀመሪያው ሆኗል። በ2005 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ከ73 ሺህ በላይ የካርቦን ምስክር ወረቀቶች ተሰጥተውታል።

በዕቅዱ መሠረት ደኑ በ30 ዓመታት ውስጥ 880 ሺህ ቶን ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያከማቻል ተብሎ ተገምቷል፤ ይህም በዓመት በአማካይ 29 ሺህ ቶን ገደማ መሆኑ ነው። ከዚሁ ውስጥ 165 ሺህ ቶን የሚሆነውን የዓለም ባንክ ባዮካርቦን ፈንድ ለመግዛት ሲዋዋል፣ ማኅበረሰቡ በትንሹ በ10 ዓመት ውስጥ ከ700 ሺህ የአሜሪካ ዶላር በላይ እንደሚያገኝ ተገልጾ ነበር።

ይህን አኃዝ በትክክለኛ መጠኑ ማየት ያስፈልጋል። 700 ሺህ ዶላር ለ10 ዓመትና ለሰባት ማኅበራት ሲካፈል ለአንድ ማኅበር በዓመት የሚደርሰው 10 ሺህ ዶላር ያህል ነው። በሄክታር ሲሰላም በዓመት ከ26 ዶላር አይበልጥም። ገንዘቡ በጋራ ሲውል ለእህል ወፍጮ፣ ለጎተራና ለመሰል አገልግሎቶች ጠቃሚ ነው፤ ለየቤተሰቡ ቢከፋፈል ግን ኑሮን የሚለውጥ አይሆንም። በተጨማሪም ደን ሊቃጠል ወይም ሊቆረጥ ስለሚችል በሥልቱ ለደን ፕሮጀክቶች የሚሰጠው ምስክር ወረቀት ጊዜያዊ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የልቀት ገበያም የደን ካርቦንን ባለመቀበሉ የገዢዎች ቁጥር ውስን ሆኖ ቆይቷል። ከፓሪሱ የ2015 (እ.ኤ.አ) ስምምነት በኋላ ደግሞ የካርቦን ገበያው በአዲስ ደንብ መመራት ጀምሯል።

ከዚህ የምንረዳው የካርቦን ገቢ ለደኑ መነሻ እንጂ ብቸኛ ምሰሶ ሊሆን እንደማይችል ነው። ገበሬው ደኑን የሚጠብቅበት የዕለት ተዕለት ምክንያት ሌላ ነው። ከተከለለው መሬት የሚታጨደው ሣር ከብቱን ይመግባል፤ ከብቱ ለዳርኳው ፍግ ይሰጣል፤ ፍጉ እንሰቱን ያጠነክራል። ተዳፋቱ በዛፍ ሲሸፈን በግርጌ ያለው ማሳ ከደለል ይድናል፤ ውኃውም ወደ መሬት ይሰርጋል። በዚህ አኳኋን ተራራውና ጓሮው አንድ ሥርዓት ናቸው።

ለሥራ ኃላፊዎች የሚተርፈው ትምህርት

የሁምቦ ተሞክሮ ከተጀመረ ወዲህ የሀገሪቱ ሕግም ወደፊት ተራምዷል። በ2010 ዓ.ም. የወጣው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065 ከመንግሥትና ከግል ደን በተጨማሪ የማኅበረሰብና የማኅበራት ደንን በባለቤትነት ዓይነትነት እውቅና ሰጥቷል። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1324 ደግሞ ቀድሞ የነበረውን የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ተክቷል።

ሕጉ መኖሩ ብቻውን ግን በቂ አይደለም። ወረዳ ሲከፈል፣ የጽሕፈት ቤት ኃላፊ ሲቀያየር ወይም የካርቦን ውል ሲያበቃ ለማኅበራቱ የተሰጠው የምስክር ወረቀት ዋጋ ዝቅ እንዳይል መጠበቅ የአስተዳደሩ ኃላፊነት ነው። ወሰኑ በካርታ ተለይቶ በመዝገብ መቀመጥ፣ ሰነዱ ለተተኪ ኃላፊ በርክክብ መተላለፍ፣ የማኅበራቱ ሒሳብም በወቅቱ መመርመርና ለአባላት መገለጽ ይኖርበታል። ተራራውን ለሌላ ልማት የሚፈልግ ጥያቄ በሚቀርብበት ጊዜም ባለመብቶቹ ሳይሰሙ ውሳኔ ሊሰጥ አይገባም።

መሬት አልባው ወጣት ከደኑ በሕጋዊ መንገድ የሚጠቀምበት አሠራር፣ ለምሳሌ በንብ እርባታ፣ በመኖ ሽያጭና በችግኝ ጣቢያ፣ በየማኅበሩ ደንብ ውስጥ ቦታ ሊሰጠው ይገባል። ተራራውን አጥር ብቻውን አይጠብቀውም፤ የሚጠብቀው ከተራራው ድርሻ ያለው ሰው ነው።

በሁምቦ ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሳይሞት ቆይቷል። ሥሩ ዳግም ዛፍ ለመሆን የጠየቀው ረጅም ዓመት ሳይሆን፣ ቀንበጡ እንደማይነጠቅበት የተረጋገጠለት ገበሬ ነበር። ይህን ማረጋገጫ በየዘመኑ እያደሱ ማቆየት በመሬትና በደን አስተዳደር ላይ የተመደበ እያንዳንዱ የመንግሥት ሠራተኛ የሚጠበቅበት ተግባር ነው።